ሲበራ ትእዛዝ የሚጠብቅ ኮምፒውተር

አንድ መሣሪያ ለባለቤቱ ያለውን ግምት ማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ መሣሪያው ሲበራ የሚያሳየውን የመጀመሪያ ገጽ ይመልከት። የዛሬው ስልክ ሲከፈት መተግበሪያዎቹን በሰልፍ ይደረድራል፤ ሁሉም በሌላ ሰው ተሠርተው ያለቁ ናቸው፣ የእኛ ድርሻ መርጦ መንካት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ኮሞዶር 64 ግን ሲበራ የሚያሳየው ሰማያዊ ገጽና ጥቂት መስመር ጽሑፍ ብቻ ነበር። ጽሑፉ የማሽኑን ስም ይናገራል፣ ፕሮግራም መጻፊያ 38911 ባይት ነጻ ቦታ እንዳለ ያስታውቃል፣ በመጨረሻም «ሬዲ» ይላል፤ ዝግጁ ነኝ ማለቱ ነው። ከሥሩ አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ብልጭ ድርግም ትላለች፤ የምትጠብቀው የባለቤቱን ትእዛዝ ነው። የዚያ ዘመን የቤት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ይህ ጠባይ ነበራቸው፤ በብዛት ወደ ሰው ቤት የገባው ግን ይህ ማሽን ነውና ነገሩን በእርሱ ማየት ይሻላል። የአሮጌ ኮምፒውተሮች ወዳጆች ኮሞዶር 64ን እስከ ዛሬ የሚንከባከቡት በናፍቆት ብቻ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ማሽኑ የገዛውን ሰው ከመጀመሪያዋ ቅጽበት ጀምሮ እንደ ሠሪ ይቆጥረዋል፤ ከዛሬ መሣሪያዎቻችን የጎደለውም ይኸው ነው።

ማሽኑን የሠራውን የኮሞዶር ኩባንያ የመሠረተው ጃክ ትራሚል በፖላንድ ተወልዶ ከአውሽቪትዝ የሞት ካምፕ የተረፈ ሰው ነው። ሥራውን የጀመረው በጽሕፈት መኪና ጥገና ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ሒሳብ ማሽን፣ ቀጥሎም ወደ ኮምፒውተር ተሻገረ። ኮምፒውተር የጥቂት ሀብታሞች ሳይሆን የብዙኃኑ ዕቃ መሆን አለበት የሚለው እምነቱ የታወቀ ነው። እምነቱን በዋጋ ሊያስመሰክር የቻለውም ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1976 ኤምኦኤስ ቴክኖሎጂ የተባለውን ቺፕ ሠሪ ገዝቶ ስለነበረ ነው። ሌሎች ቺፕ ከውጭ ሲገዙ ኮሞዶር በገዛ ቤቱ ይሠራ ነበር። ስለዚህ 64 ኪሎባይት ሚሞሪ ያለው ማሽን በ595 ዶላር ብቅ አለ፤ በዓመቱም ዋጋው ወደ 200 ዶላር ገደማ ወረደ። የራሱ ስክሪን የለውም፤ የሚሰካው ከቤተሰቡ ቴሌቪዥን ጋር ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1994 እስከከሰረበት ጊዜ ድረስ የተሸጠው ብዛት በ12 እና በ17 ሚሊዮን መካከል ይገመታል።

የውስጡ አሠራር ለባለቤቱ ክፍት ነበር። ፕሮሰሰሩ በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል የሚመታ ነው፤ የስዕሉ ቺፕ 16 ቀለማት ያውቃል፤ ቦብ ያንስ የነደፈው የድምፅ ቺፕ ደግሞ ሦስት ድምፅ በአንድ ጊዜ ያወጣል። ያንስ በኋላ ኤንሶኒክ የተባለውን የሙዚቃ መሣሪያ ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ነው፤ ቺፑ እንደ ሙዚቃ መሣሪያ የሚያዜመውም በዚህ ሰው እጅ ስለተነደፈ ነው። ከማሽኑ ጋር የመጣው ቤዚክ የተባለ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ግን ለስዕልም ሆነ ለዜማ የሚሆን ቀጥተኛ ትእዛዝ አልነበረውም። ባለቤቱ «ፖክ» በሚለው ትእዛዝ፣ አድራሻ ጠርቶ ቁጥር ማስቀመጥ ነበረበት። 53280 በተባለው አድራሻ 0 ቢያስቀምጥ የገጹ ዳር ጥቁር ይሆናል። ይህ አድካሚ ጉድለት ነበር፤ ትሩፋትም ነበረው። የገጹን ዳር ቀለም መለወጥ የፈለገ ልጅ ቀለሙ በማሽኑ ውስጥ የት እንደሚኖር ሳያውቅ ሊለውጠው አይችልም፤ ፍላጎቱ ራሱ እየጎተተ ወደ ዕውቀት ያስገባው ነበር። ለፕሮግራም ጸሐፊዎች የታተመው መመሪያ መጽሐፍም የማሽኑን ሙሉ የኤሌክትሪክ ንድፍ ይዞ ነበር የወጣው።

ክፍትነት ምን ያህል እንደሚያወጣ ለአማርኛ አንባቢ በፊደል ብናሰላው ግልጽ ይሆናል። በኮሞዶር 64 ላይ እያንዳንዱ ፊደል 8 በ8 ነጥብ ሲሆን 8 ባይት ይፈጃል፤ አንድ ስብስብ 256 ቅርጾችን ይይዛል። ባለቤቱ ስብስቡን ወደ ሚሞሪ ገልብጦ ቅርጾቹን እንደፈለገ መሳል ይችላል። 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው 231 ናቸው፤ የሚፈጁት 1848 ባይት ብቻ ነው፣ ለቁጥሮችና ለነጥቦችም 25 ቦታ ይተርፋል። በርግጥ እንደ «ቋ» እና «ጓ» ያሉት ሁሉ አይበቃቸውም፤ «ጬ»ን በስምንት ነጥብ ወርድ ማስቀመጥም ያስቸግራል። ነገር ግን የትኛው ይቅር፣ የትኛው ይግባ የሚለውን የሚወስነው ፊደሉን የሚያውቀው ሰው ነው፤ ከአምራቹ ፈቃድ መጠየቅ የለበትም። ፊደላችን ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት ደንብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን ፊደሉን ያልያዘ ስልክ የገዛ ሰው ከባዶ ሳጥኖች በቀር የሚያየው አልነበረም፤ አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፈ አምራቹ እስኪያስብለት መጠበቅ ነበረበት። አምራቾች መጀመሪያ የማያስቡለት ቋንቋ ተናጋሪ ለሆነ ሰው፣ የመሣሪያ መከፈት የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

የኮሞዶር ባለቤቶችም አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታ ይጫወቱበት ነበር የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ እውነት ነው። ሆኖም ጨዋታውን ከዲስክ ለመጫን እንኳ «ሎድ» የሚለውን ትእዛዝ በኪቦርድ መጻፍ ያስፈልግ ነበር። ተጫዋቹ የሚገባው ፕሮግራም ጸሐፊው በሚገባበት በር ነው፤ ብዙዎች እዚያው በር ላይ ቆም ብለው ሌላ ትእዛዝስ ብጽፍ ምን ይሆናል ብለው መጠየቃቸው አይገርምም። የዛሬው ስልክ እጅግ የላቀ ጉልበት አለው፣ ፕሮግራምም ሊጻፍበት ይችላል የሚሉም አሉ። ይቻላል፤ ግን ፈልጎ ለመጣ ሰው ብቻ ነው። ምን እንደሚፈልግ ገና ያላወቀውን ልጅ የሚጠራው ነገር ከመጀመሪያው ገጽ ላይ የለም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የደኅንነት ነው። ስልካችን ገንዘባችንንና ምስጢራችንን ይዟል፤ ማንም እንዳሻው ቢነካካው ለሌባ ይመቻል። ይህን አልክድም። ነገር ግን ኮሞዶር 64 ራሱ መፍትሔውን ያሳያል። መሠረታዊ ሶፍትዌሩ የተቀመጠው ሊሰረዝ በማይችል 20 ኪሎባይት ቋሚ ሚሞሪ ላይ ነበር። ልጁ በፕሮግራሙ የፈለገውን ቢያመሳቅል፣ አጥፍቶ ሲያበራው ማሽኑ እንደ አዲስ «ሬዲ» ይለዋል። መሳሳት ነጻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝ አገር ለገበያ የቀረበው ራስፕቤሪ ፓይም ከዚሁ አስተሳሰብ የተወለደ ነው። ኤበን አፕተንና ባልደረቦቹ በካምብሪጅ ኮምፒውተር ለመማር የሚያመለክቱት ወጣቶች ቁጥራቸውም ልምዳቸውም መቀነሱን አይተው፣ በ35 ዶላር የሚሸጥ ትንሽ ኮምፒውተር ሠሩ። ሶፍትዌሩ ያለው በሚወጣ ካርድ ላይ ነው፤ ቢበላሽ ካርዱን እንደገና መጻፍ ይበቃል። እንግዲያው የስልክ አምራቾች የባንኩን ክፍል ቆልፈው፣ ጎኑ ላይ የመሞከሪያ ክፍል ከፍተው መተው ይችላሉ።

አርባ ዓመት ያለፋቸው ኮሞዶሮች ዛሬም ይሠራሉ። ኃይል መስጫቸው ሲያረጅ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ እየለቀቀ ቺፖቹን ስለሚያቃጥል፣ ጠጋኞች ማሽኑን ከማብራታቸው በፊት እርሱን ይለውጣሉ፤ የማሽኑ ንድፍ በእጃቸው መሆኑም ለጥገናው ይረዳቸዋል። ማንም ሰው ስልኩን ጥሎ ወደ 1982 ይመለስ አልልም። ነገር ግን በአገራችን ለብዙ ልጆች የመጀመሪያው ኮምፒውተር ስልክ ነው፤ ለብዙዎቹም የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መሣሪያ ስንመርጥላቸው ካሜራውንና ሚሞሪውን ከጠየቅን በኋላ አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ ልጁ በዚህ መሣሪያ ላይ ምን ማበላሸትና በገዛ እጁ መልሶ ማቃናት ይችላል?