መጽሐፍ ፍለጋ ከአንበሳሜ

የድጓ ተማሪ ለማስመስከር ስንቁን ይዞ ቤተ ልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ተማሪ ዙር አምባ ይወጣል፤ መጽሐፍና መምህር ወደ ሰው አይመጡምና። ዛሬ ግን ነገሩ በከፊል ተለውጧል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም ከተነሡት፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ከሌሎች ሊቃውንት ጋር በአሜሪካ በኮሌጅቪል ከመዘገቧቸው የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ በኢንተርኔት በነጻ ተመዝግቦ ይታያሉ።

እኛም በአንበሳሜ ኔትወርኩ በሚሻልበት ሌሊት የትምህርት ሚኒስቴርን የመማሪያ መጻሕፍት እናወርዳለን (መብራት ከጠፋ እንደገና ነው)፤ በሚሞሪ ካርድም ለተማሪዎቻችን እናድላለን። ባለቤቱ ያልፈቀደውን ግን አናባዛም።

ባለፈው ወር አንድ አባት ወደ ቤታችን መጡ። ልጃቸው በስልክ የሚጫወት መስሏቸው ነጥቀው ገርፈውት ኖሯል። «የኔታ፣ ለካ ፊዚክስ ነው የሚያነበው» አሉን። ስልኩን መልሰውለታል፤ የመጡት ለታናሽ እኅቱ የሚሆን መጽሐፍ እንዳለን ሊጠይቁ ነበር።