ኩበቱ ሲነድ ከማሳ የሚቀረው

በመካነ ሰላም ዙሪያና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ማገዶ ከራቀ ወዲህ እበቱ ወደ ማሳ ከመሄድ ይልቅ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። ጥያቄው የቆየ ነው፤ የዓለም ባንኩ ኬኔት ኒውኮምብ እ.ኤ.አ. በ1984 ይህ ልማድ አገሪቱን ምን ያህል እህል እንደሚያሳጣት አስልቶ ዛፍ መትከል አዋጭ መሆኑን ጽፎ ነበር።

ክርክሩ ግን «እበት ማዳበሪያ ነው» ከሚለው ብዙም አያልፍም። ማዳበሪያማ ከፋብሪካም ይመጣል። የሚያሳስበኝ ማዳበሪያውን ይዞ የሚያቆየው ነገር ነው።

ፍግ ሲበሰብስ ሁመስ ይተዋል። የሁመስ ትልልቅ ሞለኪውሎች አሉታዊ ቻርጅ ስላላቸው ካልሲየምን፣ ማግኒዚየምን፣ ፖታሲየምንና አሞኒየምን ይስባሉ። አሜሪካዊው ኬሚስት ጄራልድ ማኒንግ እ.ኤ.አ. በ1969 እንዳሳየው፣ ውሃ ውስጥ ባለ የፖሊመር ሰንሰለት ላይ ቻርጆቹ ከ0.7 ናኖሜትር ባነሰ ርቀት ሲቀራረቡ ተቃራኒ ቻርጅ ካላቸው አዮኖች ከፊሉ ሰንሰለቱን ተጠግቶ ይቀራል። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት እንደ ልብ የሚንቀሳቀሱት በመሆናቸው የፈሳሹ አስተላላፊነት ከሚጠበቀው ያንሳል። ሁመስ የማኒንግን ሰንሰለት ያህል ቀጥ ያለ ባይሆንም አዮን የሚይዝበት መሳሳብ ያው ነው።

ስለዚህ አስተላላፊነት መለኪያውን በአፈር ውሃ ውስጥ ነክሮ ማሳው ለም ነው ወይም አይደለም ማለት አይቻልም። መሣሪያው የሚነግረን ስለ ጨዋማነቱ ነው፤ የተያዘው ሀብት በሌላ ምርመራ፣ አፈሩ አዎንታዊ አዮኖችን በመለዋወጥ አቅሙ ይለካል። በዚህ ልኬት አንድ ኪሎ ሁመስ ከ150 ሴንቲሞል በላይ ሲይዝ፣ በቀይ አፈር የሚበዛው ካኦሊን የተባለው ሸክላ ከ15 አያልፍም። የመረሬ ሸክላ ወደ 100 ስለሚጠጋ ራሱን ይችላል። ፍጉ ትንሽ ከሆነ፣ በእኔ እምነት፣ ቅድሚያ የሚገባው ለቀዩ ተዳፋት ነው። እዚያ ሁመስ ሲያልቅ ፖታሲየሙን የክረምት ጎርፍ ወደ ዓባይ ይዞት ይወርዳል።

ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑና ካርቦኑ አየር ላይ ይቀራሉ። ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ አመድ ውስጥ ይተርፋሉ፤ አመዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጓሮ አያልፍም።

ኩበት የምታነድ እናት አትወቀስም፤ ልጆቿ መብላት አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ያስፋፋው እበት የሚብላላበት ጉድጓድ እሳቱንም ናይትሮጅኑንም ይሰጣል፤ ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭ ማሳ ይገባልና። ሆኖም ጋዙን የሚያመርቱት ረቂቅ ተሕዋስያን ሙቀት ይወዳሉ፤ በዚህ ደጋ ብርድ ሥራቸው ይዘገያል። ለዚህ አገር ማገዶ ቆጣቢው ምርጥ ምጣድና በየደጁ የሚተከል የማገዶ ዛፍ ይቅደሙ እላለሁ።