አቀንጭራና ከሽልሻሎ በኋላ ያለው ረድፍ

በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የጎጃም ገበሬ ማዳበሪያ ፍለጋ ተንከራተተ። እጥረቱ ስለዚያ ዓመት ምርት ማሳሰቡ አልቀረም፤ ከዚያም አልፎ አንድ የቆየ ጥያቄ ቀሰቀሰ። መሬት ሲደኸይ የሚጠቀመው ማነው? ከቆቦ እስከ ፓዊ ያሉ ገበሬዎች መልሱን ያውቁታል፤ አቀንጭራ።

ስሙ ሥራውን ይናገራል። በምግብ እጦት ዕድገቱ የተገታ ሕፃን ቀነጨረ እንደሚባለው ሁሉ፣ ይህ አረም የያዘው በቆሎ፣ ማሽላ ወይም ዳጉሳ ዝናብ እየጠጣ ይጠወልጋል፤ ቅጠሉ ይገረጣል፣ አገዳው ያጥራል። ሐምራዊው አበባ ብቅ ሲል ጉዳቱ በአብዛኛው ደርሷል። ቀደም ብሎ አንዱን አገዳ በጥንቃቄ ፈልፍሎ ሥሩን ያየ ሰው፣ የአረሙን ነጭ ቡቃያ ብርሃን ሳያይ ከበቆሎው ሥር ጋር ተጣብቆ ያገኘዋል።

አንድ አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ እንደ አቧራ የደቀቀ ዘር ይበትናል። ዘሩ ከ10 ዓመት በላይ አፈር ውስጥ ተኝቶ መቆየት ይችላል፤ የሚቀሰቅሰው የሰብሉ ሥር የሚያመነጨው ስትራይጎላክቶን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ፎስፈረስ ያጠረው ሰብል ይህን ንጥረ ነገር አብዝቶ የሚለቀው ሥሩን የሚያግዙትን ፈንገሶች ለመጥራት ነው፤ ጥሪውን ግን አቀንጭራም ይሰማዋል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ያለው ቀይ አሲዳማ አፈር ደግሞ ፎስፈረስን አስሮ የሚይዝ ነው። ስለዚህ የማዳበሪያና የኖራ ጉዳይ ከአረም ጉዳይ ተነጥሎ አይታይም።

ገንዘብ ያለው አገር ሌላ መንገድ አለው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1956 በካሮላይና ግዛቶች የተገኘባትን የአቀንጭራ ዘመድ በኳራንቲንና በኤቲሊን ጋዝ ለአሥርት ዓመታት ተዋግታ ልታጠፋው ተቃርባለች። ሁለት ጥማድ መሬት ላለው ገበሬ ይህ የሚታሰብ አይደለም። ለእርሱ የሚቀርበው ጥራጥሬን ከእህል ጋር አሰባጥሮ መዝራት ነው።

ጥራጥሬ ናይትሮጅን ለአፈሩ ያበረክታል፣ መሬቱን ይሸፍናል። እንደ አኩሪ አተር ያሉት፣ ዝርያ ከዝርያ ቢለያይም፣ የአቀንጭራን ዘር ቀስቅሰው የሚጣበቅበት ሥር ይነፍጉታል፤ የበቀለውም ሳይመገብ ይሞታል።

በዚህ ዘርፍ ገናናው ስም ዴስሞዲየም የተባለው የመኖ ተክል ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኬንያ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ምቢታ ላይ፣ ኢሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ተመራማሪ ዘያውር ካንና ባልደረቦቻቸው የአገዳ ቆርቁርን ለመከላከል በበቆሎ መሐል ዴስሞዲየም፣ በማሳው ዳር ዝሆኔ ሳር ተከሉ። ከተባዩ ጋር አቀንጭራውም መሳሳቱ ታየ። ኋላ እንደተደረሰበት፣ የዴስሞዲየም ሥር የአረሙን ዘር የሚቀሰቅስም፣ የቡቃያውን ዕድገት የሚገታም ኬሚካል ያመነጫል። መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሲገባ ዘዴው እንደገና መነጋገሪያ ሆነ።

ሳይንሱ የሚደነቅ ነው። ክርክሩ የሚጀምረው ማሳው ላይ ነው። ዴስሞዲየም ለዓመታት የሚቆይ ተክል ነው፤ በምዕራብ ጎጃም ግን ሰብሉ ሲነሳ ማሳው ለከብት ይለቀቃል፣ በሬም ይገባበታል። ደግሞም ለከብት እንጂ ለሰው ምግብ አይሆንም። ተሸንሽኖ በጠበበ መሬት ላይ አንዱን ረድፍ ለማይበላ ተክል መስጠት ለቤተሰቡ ከባድ ውሳኔ ነው። ለዚህ አገር ተስፋው ያለው በሚበላው ወይም በሚሸጠው ጥራጥሬ ላይ ይመስላል።

ልማዱም አለ። ግብጦ የተባለው ጥራጥሬ በአገሪቱ በዋናነት የሚታወቀው በጎጃምና በአዊ ነው፤ መራራነቱ እንዲወጣ ለቀናት ወራጅ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይበላል፣ አረቄም ይወጣበታል። ግብጦ የተነሳው ለአቀንጭራ መድኃኒት ነው ለማለት ሳይሆን፣ ለአካባቢው ገበሬ የሚበላ ጥራጥሬ መዝራት እንግዳ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ወሳኙ ጥራጥሬው የሚዘራበት ጊዜ ነው። በቆሎው ጉልበት ሲደርስ በሬ በረድፉ መሐል ገብቶ ይሸለሽላል፤ ቀድሞ የተዘራ ቦሎቄ ካለ አብሮ ይገለበጣል። ከሽልሻሎ በኋላ የተዘራው ይተርፋል፤ ጥላው ግን ይጫነዋል። የአኩሪ አተር ገበያ በበኩሉ ቀርቧል፤ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ቡሬ ላይ ነው ያለው።

የአቀንጭራ ምርምር ታላቅ ሰው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ናቸው። ወሎንኮሚ ተወልደው፣ ጅማና ዓለማያ ተምረው፣ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ምርምር እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አሸነፉ። ጎቢዬና አብሽር የተባሉት አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ከዚያ ሥራ የመጡ ናቸው። እርሳቸውም ዘሩን ብቻውን አልላኩትም፤ ከማዳበሪያና ከእርጥበት ጥበቃ ጋር አጣመሩት። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ዋና ሰብል ግን በቆሎ ነው፤ የማሽላው ድል በቀጥታ አይደርሰውም።

የአዴት ምርምር ማዕከልና የወረዳ ባለሙያዎች በገበሬ ማሳ ላይ ሙከራ ሲያደርጉ፣ የሚቆጠረው የአቀንጭራ ግንድ ብቻ መሆን የለበትም። ከሽልሻሎ በኋላ ከተዘራው ረድፍ ስንት ጣሳ ቦሎቄ ወደ ቤት እንደገባ፣ ማሳውስ ለከብት ሲለቀቅ ምን እንደተረፈ አብሮ ሊመዘገብ ይገባል።