ለመመረቂያ ጽሑፋችን ሊብሬኦፊስን ብንሞክረውስ?

የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ሲደርስ ግቢ ውስጥ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ክራክ የተደረገ ኦፊስ ነው። አብሮት ቫይረስ ሊገባ ይችላል፤ የሰው ሐቅም አለበት።

ሊብሬኦፊስ ግን በሕጋዊ መንገድ በነፃ ይገኛል። ሰን የተባለው ኩባንያ ስታርኦፊስን በ1999 ገዝቶ በ2000 ኮዱን ለሕዝብ ከፈተው፤ ሊብሬኦፊስ ከዚያው የዘር ሐረግ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ተገንጥሎ ወጣ። ኮዱን ማንም ማየት፣ ማሻሻልና ማካፈል ይችላል። ራይተር ለጽሑፍ፣ ካልክ ለሠንጠረዥ፣ ኢምፕሬስ ለፕሬዘንቴሽን ናቸው። ዓረብኛና አማርኛ በአንድ ገጽ ለምንቀላቅል ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ መጻፍም ይችላል፤ ከቋንቋ ማስተካከያው ላይ ማብራት ነው።

እንከን የለውም አንልም። የዎርድ ፋይል ይከፍታል፤ ሠንጠረዥና ቀመር የበዛበት ገጽ ግን አንዳንዴ ይዛነፋል። ስለዚህ ስንሠራ በራሱ ፎርማት፣ በኦዲኤፍ እናስቀምጥ (ከ2006 ጀምሮ የአይኤስኦ ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው)፤ ስናስረክብ ወደ ፒዲኤፍ እንለውጠው። አማካሪያችን በዎርድ አርመው የሚመልሱ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው በዎርድ ፎርማት ማስቀመጥ ይሻላል። ገጹን ይበልጥ የሚያበላሸው ወዲያና ወዲህ መቀያየሩ ነው።

ትምህርት ክፍሎች ኦዲኤፍን እንዲቀበሉ፣ በኮምፒውተር ላብ ውስጥም ሊብሬኦፊስ እንዲጫን በተማሪ ተወካዮቻችን በኩል እንጠይቅ። ኢንተርኔት ለሚያስቸግራቸው ደግሞ፣ መጫኛውን አንዳችን ካወረድነው ለዶርሙ ሁሉ ይበቃል፤ ማባዛቱ የተፈቀደ ነው።