ከሥራ ሲቀነሱ ፍለጋው የሚጀምረው ከለቀቁት መሥሪያ ቤት ነው

ጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም፣ በእርዳታ ድርጅቶች ይሠሩ የነበሩ ሒሳብ ያዦች፣ ነርሶች፣ ሾፌሮችና የፕሮጀክት አስተባባሪዎች በአጭር ጊዜ ውስጥ ከሥራ ወጡ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ምርትን ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ለማስገባት ከሚፈቅደው የአጎዋ ዕድል ስትሰረዝ፣ ተመሳሳይ ዕጣ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ስፌት ሠራተኞች ላይ ደርሷል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የኑሮ ወጪው ከፍ ብሏል። በአገራችን ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፍል መድን የለም። ስለዚህ የተቀነሰ ሠራተኛ እስኪቀጠር የሚኖረው ቀድሞ ካጠራቀመውና ከአሠሪው ከሚቀበለው ገንዘብ ነው።

ብዙ ሰው በተቀነሰ ማግሥት ሲቪ አባዝቶ አራት ኪሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ይቆማል፣ ወይም የቴሌግራም ቻናል ላይ ያፈጣል። ጭንቀቱ ይገባኛል። ግን የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቀድሞው መሥሪያ ቤት የሚገባዎትን ገንዘብና ወረቀት ለመቀበል መዋል አለባቸው።

ሕጉ ምን ይላል? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በቅነሳ ምክንያት ሲሰናበት የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው። ከዚያ በላይ ለተሠራው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያው ሲሶ ይጨመራል፤ ድምሩ ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በቅነሳ ወይም ድርጅቱ በመዘጋቱ ለወጣ ሰው በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል። በወር 12,000 ብር እየተከፈለው አምስት ዓመት የሠራን ሰው እናስብ። ለመጀመሪያው ዓመት 12,000፣ ለቀሩት አራት ዓመታት 16,000፣ በተጨማሪው 60 ቀን 24,000፣ በጠቅላላው ወደ 52,000 ብር ይሆናል። ያልወሰደው የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰብለታል። ክፍያው ውሉ ከተቋረጠ በኋላ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት።

አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም። ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ ተቀጥሮ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የተሰናበተ ሰው ጉዳይም ከቅነሳ ይለያልና፣ ውሉን ይዞ የአካባቢውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም የሕግ ባለሙያ ማማከር ያስፈልገዋል። ከሥራ መቋረጥ የሚነሳ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር፣ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ደግሞ በሦስት ወር ይርጋ ይታገዳል። «ነገ እንጨርሳለን» እየተባሉ በሽምግልና ወራት ያሳለፉ ሰዎች መብታቸውን ያጡት በዚህ ነው።

ከገንዘቡ ቀጥሎ ወረቀቱ ነው። አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። የሥራ መደብዎ ተቀያይሮ ከነበረ፣ እያንዳንዱ መደብ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍልዎ። ብዙ ቀጣሪዎች ከግል ድርጅት የተገኘን ልምድ የሚቀበሉት የሥራ ግብር የተከፈለበት ማስረጃ ሲቀርብ ነው፤ እሱንም አብረው ይጠይቁ። ከደመወዝዎ የተቆረጠው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ በስምዎ ገቢ መሆኑንም ያረጋግጡ። ድርጅቱ የሚዘጋ ከሆነ ይህን ሁሉ ቶሎ ይጨርሱ፤ ዛሬ ማኅተም የሚመታልዎ የሰው ኃይል ኃላፊ ከወር በኋላ ራሱ ሥራ ፈላጊ ነው።

አሁን ወደ ፍለጋው። ገበያ ሲቀዘቅዝ በማስታወቂያ የሚወጣው የሥራ መደብ ያንሳል፣ አመልካቹ ይበዛል። ብዙ ቦታ በሰው በሰው ይሞላል። ይህ ብዙዎቻችንን አያስደስትም፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ስለዚህ መቀነስን መደበቅ ትልቅ ጉዳት ያመጣል። ጠዋት ጠዋት ቦርሳ አንግተው ሥራ እንደሚገቡ መስለው ከቤት የሚወጡ አባወራዎች አሉ። መቀነስ ነውር የለበትም፤ ፕሮጀክቱ ተዘጋ እንጂ ሰውየው አልሰነፈም። ለቤተሰብ፣ ለዕድርተኛ፣ ለቀድሞ የሥራ ባልደረባ በግልጽ ይንገሩ። ዕቁብ ካለብዎ ሰብሳቢውን ቀድመው ያነጋግሩ። ሲናገሩም «ሥራ ፈልጉልኝ» ብቻ አይበሉ፤ ሰሚው ምን ይዞ ይሂድ? «ግዢ ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ አስመጪ ወይም ፋብሪካ ብታውቅ ንገረኝ» ቢሉት ያስታውስዎታል።

ከእርዳታ ድርጅት የወጣ ባለሙያ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለበት። ሲቪው ላይ የተደረደረው የለጋሽ ሪፖርትና የፕሮጀክት ስም ለባንክ ወይም ለፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ብዙም አይነግረውም። በጀት ተቆጣጥሯል? ለውጭ ኦዲተር ሰነድ አቅርቧል? ጨረታ አውጥቷል? ስንት ሠራተኛ መርቷል? በቀጣሪው ቋንቋ እንደገና ይጻፈው። ደመወዙም ከቀድሞው ሊያንስ ይችላል። ቃለ መጠይቅ ከመግባትዎ በፊት የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያና አስቤዛ ደምረው መቀበል የሚችሉትን ዝቅተኛ መጠን ከቤተሰብ ጋር ይወስኑ። በእኔ እምነት ዝቅ ያለ ደመወዝ ይዞ ሥራ ላይ ሆኖ መፈለግ፣ የቀድሞውን እየጠበቁ ዓመት ከመቀመጥ ይሻላል።

ሥራ ያጣ ሰው ላይ የሚያነጣጥሩ አጭበርባሪዎችም አሉ። በሕጉ የአገር ውስጥ ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሥራ ፈላጊው ገንዘብ መቀበል አይችልም። ስለዚህ «ለመመዝገቢያ»፣ «ለፎርም» ወይም «ለሥልጠና» ቅድሚያ ላኩ የሚል ቻናል ሲያጋጥምዎ ይለፉት። «ታይላንድ የኮምፒውተር ሥራ» ተብለው ማይናማር ድንበር ላይ በማጭበርበሪያ ካምፖች የታገቱ ኢትዮጵያውያን እንደነበሩም አይርሱ።

ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ ለተቀነሰ ወዳጃችሁ ማስታወቂያ ከመላክ አትወሰኑ። ድርጅታችሁ ሊቀጥር ሲያስብ ስሙን አንሱ፣ ምስክር አድርጎ ሊጠቅሳችሁ ሲፈልግ ስልካችሁን ስጡት፣ ደውላችሁም የደረሰበትን ጠይቁት።