የዓሣው ድርሻ ስንት ነው?

ከጊምቢቹ ተነሥቶ የሶሮን ደጋ ወደ ምዕራብ የወረደ መንገደኛ መጨረሻው የግቤ ወንዝ ነው። ይኸው ውኃ ወደ ታች ከጎጀብ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ኦሞ ይባላል፤ ብዙ ቆላ አቋርጦም ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ዛሬ ግን እንደ ጥንቱ በገዛ ፈቃዱ አይወርድም። ቁመቱ 243 ሜትር ያህል፣ ኃይሉም 1,870 ሜጋ ዋት የሆነው የግቤ ሦስት ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የወንዙ አወራረድ በመሐንዲስ እጅ ገብቷል።

ይህን ስንል ግድብ ለምን ተሠራ ማለታችን አይደለም። በኩራዝ ያጠና ተማሪ የኤሌክትሪክን ዋጋ ያውቀዋል። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ከወንዙ የምንፈልገውን ከወሰድን በኋላ፣ ዓሣ እንዲያልፍበት ልንተውለት የሚገባን ትንሹ ውኃ ስንት ነው? ማንስ ይወስነዋል?

ለግቤ ሦስት በወጣው የአካባቢ ጥናት ሁለት ነገሮች ተጠቅሰዋል። አንደኛው ዘወትር ከግድቡ በታች ከ25 ሜትር ኩብ በሴኮንድ ያላነሰ ውኃ እንዲለቀቅ ነው። ሁለተኛው በየዓመቱ በመስከረም ገደማ ለ10 ቀናት ያህል ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንዲለቀቅ ነው። አንባቢያችን ሁለቱን አንድ ላይ እንዳይጨፈልቃቸው እንለምናለን። የመጀመሪያው ዓሣው በሕይወት እንዲቆይ ነው። ሁለተኛው ግን ለዓሣው እንደ ደወል ነው፤ ከቱርካና ወደ ኦሞ ሽቅብ ወጥተው የሚራቡ ዓሦች ጉዟቸውን የሚጀምሩት የጎርፉን መምጣት ጠብቀው ነውና።

በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ጣና ነው። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ የጣናን ዓሣ ከታችኛው ዓባይ ለይቶ ስላቆየው፣ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ዓሦች በሐይቁ ውስጥ በቅለዋል። ላቢዮባርበስ ከተባለው የዓሣ ወገን ብቻ በጣና 15 ያህል የራሱ የሆኑ ዝርያዎች አሉ። ከእነዚህም ቢያንስ ሰባቱ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ወደ ሌሎችም ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። ጭቃ ባልሸፈነው ጠጠር ላይ ዕንቁላላቸውን ጥለው ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ፤ ጫጩቶቹ ደግሞ በወንዙ ኩሬዎች ቆይተው ይከተላሉ። በጉዟቸው ላይ መረብ በወንዙ አፍ፣ የብርብራ ፍሬም በጅረቱ ውስጥ ይጠብቃቸዋል። በ1983 እና በ1993 ዓ.ም. መካከል የላቢዮባርበስ ብዛት በክብደት ሲመዘን ወደ 75 በመቶ እንደ ቀነሰ ተመራማሪዎች ገልጸዋል። በዚህ ላይ በርብ 73 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ግድብ ተሠርቷል፤ በመገጭም ላይ ሌላ ተጀምሯል።

እንግዲህ ለእነዚህ ዓሦች ማለፊያ የሚበቃው ውኃ እንዴት ይለካል? ዘዴው ከመልካው ይጀምራል። መልካ ሰውና ከብት የሚሻገሩበት፣ ወንዙ የሚሰፋበትና የሚሳሳበት ቦታ ነው። ለሰው የቀለለው መሻገሪያ ለዓሣው የጠበበ በር ይሆንበታል። ስለዚህ ባለሙያው እጅግ ስስ የሆነውን መልካ ይመርጣል፤ የውኃውን ስፋት፣ ጥልቀትና ፍጥነት በልዩ ልዩ ቀን ይለካል፤ ከዚያም ትልቁ ዓሣ ጀርባው ሳይራቆት የሚያልፍበት መጠን የቱ እንደሆነ ያሰላል።

ይህን ድካም ለማስቀረት አንዳንዶች በመቶኛ ይወስናሉ። ቴናንት የተባለው አሜሪካዊ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ባወጣው ዘዴ የወንዙ አማካይ ፍሰት 10 በመቶ ለአጭር ጊዜ ነፍስ ማቆያ ነው። ነገር ግን ዘዴው ወደ እኛ አገር እንዳለ ሲመጣ ምን እንደሚሆን በምሳሌ እንይ። በነሐሴ 60፣ በሚያዝያ ግማሽ፣ በዓመቱ አማካይ 12 ሜትር ኩብ በሴኮንድ የሚፈስ ወንዝ አለ እንበል። አሥር በመቶው 1.2 ነው። ይህ በሚያዝያ ወንዙ ራሱ ከሚያመጣው ይበልጣል። በነሐሴ ግን 20 ሜትር በሚሰፋ መልካ ላይ፣ ውኃው በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ቢሄድ፣ ጥልቀቱ 12 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ዕንቁላል የተሸከመ ትልቅ ዓሣ በዚያ በሆዱ ይሳብ እንደሆነ እንጂ አይዋኝም። ሕጉ ተከብሮ ዓሣው ቀረ ማለት ይህ ነው።

ከዚህ የተሻለውን መንገድ ደቡብ አፍሪካ አሳይታለች። በ1990 ዓ.ም. ባወጣችው የውኃ ሕግ ለሰው መሠረታዊ ፍላጎትና ለወንዙ ሕይወት የሚሆነው ድርሻ አስቀድሞ እንዲቀመጥ ደነገገች። ከዚያው አገር የመጣው የስሌት ዘዴ ከጨረጨራ ግድብ በታች ላለው ዓባይ ተሞክሮ፣ ውጤቱ በ2001 ዓ.ም. ገደማ ታትሟል። ለወንዙ በዓመት 862 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፣ ማለትም ከተፈጥሮ ፍሰቱ 22 በመቶ፣ እንደሚያስፈልገው፤ በድርቅ ዘመን እንኳ የአንድ ወር ድርሻ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ እንዳያንስ አመለከተ። የዚህ ስሌት ደግነቱ ድርሻውን በየወሩ ማከፋፈሉ ነው።

የነገሩ ፈተናም ያለው በወሩ ላይ ነው። ዓሣው ብዙውን ውኃ የሚሻው በክረምት ነው፤ ያን ጊዜ ገበሬው መስኖ አይፈልግም። ግድቡ ግን የሚሞላው በዚያው ክረምት ነው። በበጋ ደግሞ ገበሬው በፓምፕ የሚስበው ኩሬ ጫጩቶቹ የተጠለሉበት ነው። የገበሬው ልጅ እንዳይራብ የምንመኝ ሁሉ፣ ውኃው ተወስዶ ካለቀ በኋላ «የተረፈው ለዓሣው» ማለት ግን ባዶ ቃል መሆኑን ልናውቅ ይገባል።

በየወረዳው የውኃ መሥሪያ ቤት የተቀመጣችሁና ነገ የምትቀመጡ ወጣቶች፣ የመስኖ ወይም የግድብ ሰነድ ፊርማችሁን ሲጠብቅ ሦስት ነገር ጠይቁ። ስሱ መልካ ተለክቷልን? የሚለቀቀው ውኃ በየወሩ ተጽፏልን? ወንዙን አቋርጦ የሚሠራው ግንብ ትንሽም ቢሆን፣ ለዓሣ መውጫ ተትቶለታልን? የአንድ ሜትር ተኩል ግንብ መውጫ ከሌለው ወንዙ ሞልቶ ቢፈስም ዓሣውን ሊያግድ ይችላል። መውጫውን በግንባታው ጊዜ ማበጀት ቀላል ነው፤ ግንቡ ካለቀ በኋላ ግን አፍርሶ መሥራት ይሆናል። የጣና ዓሣ ደግሞ አንዴ ከጠፋ ከሌላ አገር የሚመጣ ምትክ የለውም።