ስተርሊንግ በውሰት፦ የአርሰናል ደጋፊ ይደሰት ወይስ ይዘን?

ጊዜው ጳጉሜ 2016 ዓ.ም. ነው፤ ዓመቱ ሊቀየር ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ሊጉም ለብሔራዊ ቡድን ጨዋታዎች ስለቆመ ትንሽ ረጋ ብለን የምንነጋገርበት ጊዜ አግኝተናል። የምናወራው ነሐሴ 24 ቀን ሌሊት ስለሆነው ነገር ነው።

ያን ቀን የእንግሊዝ የዝውውር መስኮት የተዘጋው በለንደን ሰዓት ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነበር። አዲስ አበባ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኗል። ዱባይ ያላችሁ ነገ ሥራ እያለባችሁ 8 ሰዓት ድረስ ስልክ ላይ አፍጥጣችኋል። ዋሽንግተን ያላችሁ ደግሞ ገና ከሥራ እየወጣችሁ ነበር። የአርሰናል ደጋፊ በየአገሩ አንድ ነገር ይጠብቅ ነበር፤ አጥቂ። የመጣው ግን የ29 ዓመቱ ራሂም ስተርሊንግ ነው። ከቼልሲ፣ ለአንድ የውድድር ዘመን፣ በውሰት።

ቀልዱ ወዲያው ጀመረ። "ስተርሊንግ ያለ ፓውንድ መጣ" አሉ። እውነት አላቸው፤ እንደተዘገበው አርሰናል ለውሰቱ የከፈለው ገንዘብ የለም፣ ከደመወዙም ትልቁን ድርሻ የሚሸፍነው ቼልሲ ነበር። በውሉ መጨረሻ የመግዛት መብትም ሆነ ግዴታ አልተቀመጠም። ከቀልዱ በኋላ ግን ክርክር መጣ። በእኛው ቡድን ውስጥ እንኳ ሁለት ቦታ ተከፍለናል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው፤ ውሰት ምንድን ነው? ለምን ተደረገ? ደጋፊው ለምን በአንድ ዓይኑ ሲስቅ በሌላው ያለቅሳል?

የተደሰቱት ምን ይላሉ?

መከራከሪያቸው ቀላል አይደለም። ስተርሊንግ በማንችስተር ሲቲ አራት የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫዎችን አንስቷል። ለሲቲ በሁሉም ውድድሮች 131 ጎሎችን አስቆጥሯል። በ2019 የእንግሊዝ የእግር ኳስ ጸሐፍት ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ብሎ መርጦታል። በ2019/20 ደግሞ በሊጉ ብቻ 20 ጎሎች አግብቷል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሚኬል አርቴታ ያውቀዋል። አርቴታ ከ2016 እስከ 2019 መጨረሻ ድረስ በሲቲ የጋርዲዮላ ምክትል ሆኖ ሲሠራ ስተርሊንግ እጁ ላይ ነበር። ልጁ ከመስመር ተነስቶ ሁለተኛው ቋሚ ጋር እየደረሰ ቀላል የሚመስሉ ጎሎችን ማግባት የለመደው በእነዚያ ዓመታት ነው። በወቅቱ የአርሰናል ተጫዋቾች የነበሩት ጋብሬል ጄሱስና ዚንቼንኮም የሲቲ ጓደኞቹ ነበሩ። እንግዳ ቤት አልገባም ማለት ነው።

ሌላው ነገር ሳካ ነው። ቡካዮ ሳካ በቀኝ መስመር ዓመቱን ሙሉ እየሮጠ፣ እየተመታ፣ እየተነሳ ይጫወታል። በወቅቱ የሚያሳርፈው ሰው አልነበረም። አርሰናል በ2022/23 ዋንጫውን ያጣው በ5 ነጥብ ነው፤ በ2023/24 ደግሞ በ2 ነጥብ። ሁለት ነጥብ ማለት አቻ የወጣህበትን አንድ ጨዋታ ማሸነፍ ማለት እኮ ነው! ታዲያ ከተጠባባቂ ወንበር ተነስቶ አንድ ጎል የሚያገባ ልምድ ያለው ሰው በነፃ ሲገኝ እምቢ ይባላል? ካለመኖር መኖር ይሻላል ይላሉ።

ያዘኑትስ?

የእነሱን ሐዘን ለመረዳት በዚያው ሰሞን ማን እንደወጣ ማየት ያስፈልጋል። ኤሚል ስሚዝ ሮው ወደ ፉልሃም ተሸጠ። ኤዲ ንኬቲያ በመዝጊያው ቀን ወደ ክሪስታል ፓላስ ሄደ። ሪስ ኔልሰንም በዚያው ቀን በውሰት ወደ ፉልሃም ተሸኘ። ሦስቱም ሄል ኤንድ ከሚባለው የአርሰናል አካዳሚ ያደጉ ልጆች ናቸው። ኔልሰን በመጋቢት 2023 ቦርንማውዝ ላይ በ97ኛው ደቂቃ ያገባትን ጎል የሚረሳ ደጋፊ የለም፤ ያን ቀን በየሰፈሩ ዲኤስቲቪ ቤት ወንበር ተሰብሯል።

እንግዲህ የቤት ልጅ በጓሮ በር ወጥቶ የጎረቤት ልጅ በፊት ለፊት በር ሲገባ ሆድ ይብሳል። ያውም ከየት? ከቼልሲ! ፒተር ቼክ፣ ዳቪድ ሉዊዝ፣ ዊሊያን፣ ጆርጊኒዮ፣ ሀቨርትዝ፣ አሁን ደግሞ ስተርሊንግ። "ቼልሲ የጠገበውን እኛ የምንበላው እስከ መቼ ነው?" ይላል ያዘነው ደጋፊ። በተለይ ዊሊያን ያቆሰለው ቁስል አልሻረም። በ2020 በሦስት ዓመት ውል መጥቶ በሊጉ አንድ ጎል ብቻ አግብቶ ከአንድ ዓመት በኋላ ውሉ ፈረሰ።

ሦስተኛ ስጋትም አለ፤ ኢታን ንዋኔሪ። ይህ ልጅ በ2022 በ15 ዓመቱ ብሬንትፎርድ ላይ ተቀይሮ ሲገባ በፕሪሚየር ሊጉ ታሪክ ትንሹ ተጫዋች ሆኗል። ውሰቱ ሲፈጸም 17 ዓመቱ ነበር። ለአንድ ዓመት ብቻ የሚቆይ እንግዳ የዚህን ልጅ ደቂቃ ይበላበታል ወይ የሚለው ጥያቄ ተራ ጥያቄ አይደለም።

ገንዘቡ ምን ይላል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የቤት ልጆቹ የተሸጡት አርቴታ ስለጠላቸው አይደለም። በ2024 በነበረው የሊጉ የገንዘብ ደንብ አንድ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ሊያስመዘግብ የሚችለው ኪሳራ በአጠቃላይ እስከ 105 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ተጫዋች ሲገዛ ዋጋው በውሉ ዓመታት ተካፍሎ በመዝገብ ይያዛል። በአካዳሚ ያደገ ልጅ ግን የተገዛበት ዋጋ ስለሌለው ሲሸጥ የሚመጣው ገንዘብ በሙሉ ትርፍ ተብሎ ይመዘገባል። በቃ፣ ደንቡ ራሱ ክለቦችን "ልጆቻችሁን ሽጡ" እያለ ይገፋፋቸው ነበር።

የቼልሲንም ሒሳብ እንየው። ስተርሊንግን በ2022 የገዙት በ47.5 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በአምስት ዓመት ውል ነው። ሲካፈል በዓመት 9.5 ሚሊዮን ይመጣል። ሁለት ዓመት አለፈ፤ በመዝገባቸው ላይ የቀረው ዋጋ 28.5 ሚሊዮን ነው። ከዚያ በታች ከሸጡት ልዩነቱ ኪሳራ ሆኖ ይመዘገባል። በዚህ ዕድሜውና በዚያ ትልቅ ደመወዙ ደግሞ ይህን ዋጋ የሚከፍል ክለብ በቀላሉ አይገኝም። የዚያን ጊዜው አዲስ አሰልጣኝ ኤንዞ ማሬስካ በእቅዳቸው እንደሌለ ተናግረዋል፤ 7 ቁጥር ማሊያውም ለፔድሮ ኔቶ ተሰጥቷል። ስለዚህ ለቼልሲ የደመወዙን ክፍል ማዳን ራሱ ጥቅም ነው። አርሰናል በዚህ በኩል ብልህ ነበር፤ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ጠብቆ ሻጩ ሲጨንቀው በሩን አንኳኳ።

የውሰት ሕጉስ?

ውሰት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ንጹሕ ውሰት ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ ተጫዋቹ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሁለተኛው ተዋሹ ክለብ ከፈለገ በተስማሙበት ዋጋ የሚገዛበት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ቅድመ ሁኔታው ሲሟላ መግዛት ግዴታ የሚሆንበት ነው። የስተርሊንግ የመጀመሪያው ዓይነት ነው።

በፕሪሚየር ሊጉ አንድ ክለብ በአንድ ጊዜ ከሌሎች የሊጉ ክለቦች መዋስ የሚችለው ሁለት ተጫዋች ብቻ ነው፤ ከአንድ ክለብም በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ አይፈቀድም። አርሰናል በዚያው ቀን ግብ ጠባቂውን ኔቶን ከቦርንማውዝ ስለተዋሰ ሁለቱም ቦታ ሞልቶ ነበር።

ሌላው ሕግ፣ የተዋሰ ተጫዋች በሊጉ በባለቤት ክለቡ ላይ አይሰለፍም። በ2024/25 አርሰናል ከቼልሲ ሲገናኝ ስተርሊንግ ተመልካች ነበር። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን በ2023/24 አይተነዋል። ዴቪድ ራያ ከብሬንትፎርድ በውሰት ስለነበር በሁለቱም የብሬንትፎርድ ጨዋታዎች በር ላይ የቆመው ራምስዴል ነው። በመጋቢቱ ጨዋታ ራምስዴል ኳስ ይዞ ሲዘገይ ዊሳ ደርሶ ጎል አደረጋት። ሀቨርትዝ በ86ኛው ደቂቃ ባያገባ ኖሮ ያቺ የሕግ አንቀጽ ነጥብ ታስጥል ነበር።

ታሪክ ምን ያስተምራል?

አርሰናል በውሰት ደስታም ሐዘንም አይቷል። በጥር 2019 ዴኒስ ሱዋሬዝ ከባርሴሎና መጣ፤ ስድስት ጊዜ ተቀይሮ ገብቶ ያለ ጎል ተመለሰ። በጥር 2021 ማርቲን ኦዴጋርድ ከሪያል ማድሪድ ሲመጣ "ማድሪድ ያልፈለገው ልጅ ምን ይሠራልናል?" የተባለ ሰው ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ተገዛ፤ ዛሬ አምበላችን ነው። ራያም ሲመጣ ደጋፊው ለራምስዴል አዝኖ አኩርፎ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት በ16 ጨዋታ ጎል ሳይቆጠርበት የሊጉን የወርቅ ጓንት ወሰደ።

ከሁሉም የምንወደው ግን የኪም ካልስትሮምን ታሪክ ነው። በጥር 2014 ስዊድናዊው በውሰት ሲመጣ ጀርባው ተጎድቶ ነበር። ስንቱ ሳቀበት! ጥቂት ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው። ሚያዝያ ላይ ግን በዌምብሌይ፣ በኤፍ ኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ፣ ከዊጋን ጋር ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሲደረስ ወጥቶ መታ፤ አገባ። አርሰናል አለፈ፣ ዋንጫውንም በልቶ የዘጠኝ ዓመት ድርቁን ሰበረ። በዚያ ቀን የአርሰናልን የመጀመሪያ ምት የመታው ማን ነበር? አርቴታ ራሱ። እንግዲህ ይህ አሰልጣኝ፣ ለአጭር ጊዜ የመጣ እንግዳ በአንዲት ምት ምን ሊሠራ እንደሚችል በዓይኑ ያየ ሰው ነው።

የእኛ አቋም

"የሰው ወርቅ አያደምቅ" የሚለው ተረት ለዚህ ጉዳይ የተተረተ ይመስላል። ስተርሊንግ ቢያበራ በሰኔ ወር ይሄዳል፤ ባያበራ ደግሞ ወቀሳው ለእኛ ይቀራል። ስለዚህ እንደ ዋና መፍትሔ ልናየው አይገባም። አርሰናል ዘጠኝ ቁጥር ያስፈልገው ነበር፤ አላመጣም። ይህ ጉድለት በስተርሊንግ ስም ሊሸፈን አይገባም። ጎሎች ሲጠፉ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ለእሱ ሳይሆን መስኮቱን ለመሩት ሰዎች ነው።

ልጁን ግን ከመጀመሪያው ቀን መጥላት ነውር ነው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ስተርሊንግ በጃማይካ ኪንግስተን ተወልዶ፣ በአምስት ዓመቱ እናቱን ተከትሎ ለንደን የገባ፣ ዌምብሌይ ስታዲየም ሲገነባ እያየ በጥላው ሥር ያደገ ልጅ ነው። ከ80 ጊዜ በላይ ለእንግሊዝ ተሰልፏል። በ2024/25 ግን ቼልሲ ከሲቲ ጋር የውድድር ዘመኑን ሲከፍት ከቡድኑ ውጭ ሆኖ አገኘው። በሰው አገር በኮንትራት የምንኖር ሰዎች ይህን ስሜት ለማወቅ ኳስ መጫወት አያስፈልገንም። ትናንት "ያለ አንተ አይሆንም" ተብለህ ዛሬ ጠረጴዛህ ለሌላ ሲሰጥ ምን እንደሚሰማ እናውቀዋለን። አንድ ዓመት ተሰጥቶህ "እስቲ ራስህን አሳይ" መባልንም እንዲሁ።

ታዲያ ምን እንከታተል? ሦስት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ ሳካ ስንት ጊዜ አረፈ? ይህ ከስተርሊንግ ጎል ይልቅ የውሰቱን ጥቅም ይነግረናል። ሁለተኛ፣ ንዋኔሪ ደቂቃ አገኘ ወይስ ወንበር ላይ ቀረ? ሦስተኛ፣ ከብራይተን ጋር 1 ለ 1 እንዳለቀው ዓይነት ጨዋታ ሲመጣ ከወንበር ተነስቶ ውጤት የሚቀይር ሰው ሆነ ወይ?

መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ቶተንሃም አለ፤ ያውም ዴክላን ራይስ በቀይ ካርድ የሌለበት። አዲስ ዓመት ገብቶ የመጀመሪያው ጨዋታችን መሆኑ ነው። ያን ቀን ስተርሊንግ ለመግባት ሲያሟሙቅ ብታዩት፣ ከተደሰቱትም ሁኑ ከአዘኑት፣ ቢያንስ ለዘጠና ደቂቃ አጨብጭቡለት። ማሊያው የውሰት ቢሆንም የሚያገባው ጎል የእኛው ነው።